የዱሮ መኪና ማርሽ አልገባ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የተዘጋጁት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የዱሮ ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ ፔጆ፣ ፊያት ወይም ላንድሮቨር ይዘው ለሚንቀሳቀሱና ማርሽ ላስቸገራቸው ባለቤቶች ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አውርዶ መፍታት ብዙ ሰዓት፣ ብዙ ገንዘብና በቀላሉ የማይገኝ መለዋወጫ ይጠይቃል፤ ሆኖም በዱሮ መኪና ላይ የሚታየው የማርሽ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከካምቢዮው ውጭ፣ ሞተሩን ከካምቢዮው በሚለየው ፍሪሲዮን ወይም ማርሹን በሚያስተላልፉት ብረቶችና ቡሾች (በመጋጠሚያዎች ውስጥ በሚገቡ ቀለበቶች) ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራው መሄድ ያለበት ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ፍሪሲዮን፣ ቀጥሎ የማርሽ ዘንግና ማያያዣዎቹ፣ ካምቢዮው ግን በመጨረሻ። እዚህ የተጠቀሱት የሞዴል ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማርሽ አልገባ ሲለኝ ችግሩ የት እንዳለ በምን ልለይ?

ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ሙከራ አለ፤ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ራስዎ ቢያደርጉት ይመረጣል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉና ሞተሩን ያጥፉ። ከዚያም ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጠው ከአንደኛ ማርሽ ጀምሮ እስከ የኋላ ማርሽ ድረስ እያንዳንዱን በየተራ ያስገቡ። አልፎ አልፎ ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ስለሚገጣጠም አንዱ ማርሽ እምቢ ሊል ይችላል፤ ፍሪሲዮኑን ለቅቀው እንደገና ሲረግጡ ወይም መኪናውን ጥቂት ገፋ ሲያደርጉት ከገባ ይህ ብልሽት አይደለም።

ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ በቀላሉ እየገባ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን የሚያስቸግር ከሆነ፣ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ ፍሪሲዮኑ መዞር አለበት፤ መካኒኮች እንደሚሉት ፍሪሲዮኑ አይቆርጥም ማለት ነው። ይህንን ለማረጋገጥ ሞተሩን አስነስተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ ሳለ ፍሪሲዮኑን ይርገጡ፣ ቀስ ብለው እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ ያስገቡ። በአብዛኞቹ የዱሮ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክል ክፍል) ስለሌለው በካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘንግ መቆሙን ወይም አለመቆሙን ሳይደብቅ ይናገራል። አምስት ከተቆጠረ በኋላም ጥርሱ ከጮኸ፣ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ አልለየም። የሚጮኸው ሳይጠብቁ በጥድፊያ ሲያስገቡት ብቻ ከሆነ ግን የዱሮ መኪና ጠባይ ስለሆነ ሊያሳስብዎ አይገባም።

ሞተሩ ጠፍቶም ማርሾቹ የማይገቡ ከሆነ ችግሩ የፍሪሲዮን አይደለም። በዚህ ጊዜ የትኞቹ ማርሾች እንዳስቸገሩ በጥንቃቄ ይመዝግቡ። በአንድ መስመር ላይ ያሉት ሁለቱም፣ ለምሳሌ አንደኛውና ሁለተኛው፣ አብረው ከታመሙ ዘንጉ ትክክለኛውን መስመር እያገኘ አለመሆኑን ያመለክታል። ከጎረቤቱ ተለይቶ አንድ ማርሽ ብቻ ከታመመ ግን ጉዳዩ ወደ ካምቢዮው ውስጥ ያዘነብላል።

ቮልስዋገኔ ሲነሳ ማርሽ አይገባም። የፍሪሲዮን ኬብሉ ሊሆን ይችላል?

በጣም ሊሆን ይችላል። በቮልስዋገን ሞተሩም ካምቢዮውም ከኋላ ስለሆኑ የፍሪሲዮን ኬብሉ ከፔዳሉ ተነሥቶ በወለሉ መሐል ባለው ቱነል ውስጥ፣ በቀጭን የብረት ቱቦ አልፎ እስከ ካምቢዮው ይደርሳል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ስትላላ ፔዳሉ መሬት ነክቶም ፍሪሲዮኑ አይቆርጥም።

መጀመሪያ የፔዳሉን ባዶ ጉዞ ይለኩ። ፔዳሉን በእጅ ቀስ ብለው ሲገፉት ተቃውሞ እስከሚያገኝ ድረስ የሚሄደው ርቀት ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚህ ከበለጠ ኬብሉ ላልቷል። ማስተካከያው የግራውን የኋላ ጎማ ሲያወልቁ ከካምቢዮው ጎን በሚታየው የፍሪሲዮን ክንድ ላይ ያለው ባለ ክንፍ ዳዶ ነው። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥተው ሥሩ አይግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ያድርጉለት። የኬብሉን ጫፍ እንዳይዞር በፒንሳ ይዘው ዳዶውን ያጥብቁ፤ ሲጨርሱ የዳዶው ክንፎች በክንዱ ላይ ባለው ማረፊያ ውስጥ በትክክል መቀመጣቸውን ይመልከቱ፤ ካልተቀመጡ በነጋታው ራሱ ይላላል። ከዚያ ፔዳሉን ደጋግመው ረግጠው እንደገና ይለኩ። ባዶ ጉዞውን ጨርሶ ማጥፋት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ሁልጊዜ ተጭኖ እየዞረ ይቃጠላል፣ ሸራውም (የሞተሩን ኃይል በፍትጊያ የሚያስተላልፈው የፍሪሲዮን ዲስክ) መንሸራተት ይጀምራል።

ባዶ ጉዞው በየጥቂት ቀኑ እየጨመረ ከሄደ ማስተካከሉን ትተው ኬብሉን ያስቀይሩ። የኬብሉ ክሮች አንድ በአንድ እየተበጠሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሱትም ፔዳሉ ላይ ከሚንጠለጠልበት ጫፍ አካባቢ ስለሆነ ከኋላ ሲታይ ኬብሉ ጤነኛ ይመስላል።

ኬብሉ አዲስ ሆኖ ፔዳሉ ግን የሚለመጥጥ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሁለት ነገሮች ይታዩ። አንደኛው ከቱነሉ መጨረሻ እስከ ካምቢዮው የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ ነው፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር የሚሆን ጉብጠት ሊኖረው ይገባል፤ ቀጥ ካለ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ መኪናው ይንዘፈዘፋል። ሁለተኛው በቱነሉ ውስጥ ያለው የብረት ቱቦ ብየዳ ነው። ይህ ብየዳ ሲለቅ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ቱቦው ራሱ ስለሚሳብ የእግር ጉልበት ሁሉ በከንቱ ይባክናል፤ መድኃኒቱም ቱነሉን በልክ ቀድዶ እንደገና መበየድ ብቻ ነው።

አንድ ቀላል ነገር ሳይረሳ ይታይ፤ ወለሉ ላይ በድርቡ የተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ ያግዳል። ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት ምንጣፉን አውጥተው ይሞክሩ።

በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮንስ እንዴት ይመረመራል?

ላዳ፣ ፔጆ 504 እና ከሲሪስ 2 ጀምሮ ያሉት ላንድሮቨሮች ፍሪሲዮናቸው በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። ከፔዳሉ በላይ ላይኛው ፓምፕ፣ ካምቢዮው አጠገብ ደግሞ ታችኛው ፓምፕ አለ። ፔዳሉን አንድ ጊዜ ሲረግጡ ማርሽ እምቢ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲረግጡ የሚገባ ከሆነ፣ ወይ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ወይም ላይኛው ፓምፕ ውስጥ ያለው ጎማ ግፊቱን አይዝም።

ሁለቱን ለመለየት የዘይት ማጠራቀሚያውን ይመልከቱ። ዘይቱ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ በታችኛው ፓምፕ ላይ ያለውን የአቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ አድርገው ውስጡ እርጥብ መሆኑን ይዩ፤ ከፔዳሉ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ወደ መኪናው ውስጥ የወረደ እርጥበት ካለም ላይኛው ፓምፕ ያፈስሳል። ምንም ሳይፈስስ፣ አየሩም በሚገባ ወጥቶ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ ማርሽ የገባበት መኪና ወደ ፊት መሳብ ከጀመረ ግን ግፊቱ በላይኛው ፓምፕ ውስጥ እያመለጠ ነው።

የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ እርጥበቱም ፓምፖቹን ከውስጥ ያዝጋቸዋል። የጣና ዳር አየር በተለይ በክረምት እርጥብ ስለሆነ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ተገቢ ነው። በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ማድረግ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የፓምፑ ጎማዎች አብጠው በአጭር ጊዜ ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ መስመሩን በሙሉ ማጠብና ጎማዎቹን ሁሉ መቀየር ግድ ይላል።

ፔዳሉ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ የሚመለስና ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ ተጣጣፊውን ቱቦ ይጠርጥሩ። የዱሮ ቱቦ ከውጭ ደህና እየመሰለ ከውስጥ ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ ዘይቱ በጉልበት ይሄዳል እንጂ በቀላሉ አይመለስም።

መኪናዬ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ነበር። አሁን ፍሪሲዮኑን ብረግጥም ማርሽ አይገባም፤ ተበላሸ ማለት ነው?

ምናልባት የፍሪሲዮኑ ሸራ ዝጎ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ተጣብቆ ይሆናል። በባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ አየሩ እርጥብ ስለሆነ፣ ከቤት ውጭ ሣር ላይ ወይም እርጥብ አፈር ላይ የቆመ መኪና ይህ ይደርስበታል። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ መኪናው ከመቆሙ በፊት ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ነበር፣ ፔዳሉና ኬብሉ ወይም ፓምፑ በትክክል ይሠራሉ፣ ፍሪሲዮኑ ግን ጨርሶ አይቆርጥም።

ገር ከሆነው መፍትሔ ይጀምሩ። ሞተሩን በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) አስነስተው በደንብ እስኪሞቅ ያቆዩት፤ ከዚያ አጥፍተው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠው ከመቀመጫው ጋር በጠንካራ እንጨት ደግፈው ያሳድሩት። ካልለቀቀ፣ ሰውም መኪናም በሌለበት ሰፊና ደልዳላ ሜዳ ላይ መኪናውን በሁለተኛ ማርሽ በቁልፉ አስነስተው፣ ፍሪሲዮኑን እንደረገጡ ነዳጅ መስጫውን ጫን ለቀቅ ያድርጉ፤ ብዙ ጊዜ በድንገት ይለቃል። ይህንን ከግድግዳ ፊት ለፊት፣ በጠባብ ግቢ ወይም ልጆች ባሉበት ሰፈር ማድረግ አደገኛ ነው፤ ሸራው እስኪለቅ ድረስ መኪናው በፍሬን ኃይል ብቻ ነው የሚቆመው። ፍሬኑም ከረጅም ቆይታ በኋላ መፈተሽ ያለበት ከዚህ ሙከራ በፊት ነው።

በመጪው ክረምት እንዳይደገም ከፈለጉ መኪናውን በሳምንት አንድ ጊዜ አስነስተው ጥቂት መንዳት ይበቃል። ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ማስነሳት ብቻውን ለፍሪሲዮኑ አይጠቅምም።

ሞተሩ ጠፍቶም ማርሽ አይገባም፤ ዘንጉም በእጄ ላይ ይወዛወዛል። ምን ልፈትሽ?

የተወዛወዘ ዘንግ ራሱ መልሱን ተናግሯል። በማርሽ ዘንጉና በካምቢዮው መካከል ያሉት ቡሾች ሲያልቁ እጅዎ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ካምቢዮው ጋ ሲደርስ ግማሽ ይሆናል። ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚመላለስ መኪና ደግሞ እነዚህን ቡሾች ቶሎ ይጨርሳል።

በቮልስዋገን ላይ ይህ ፍተሻ ቀላል ነው። የኋላውን መቀመጫ ያንሡ፤ በቱነሉ ላይ በካቻቢቴ የሚፈታ ትንሽ ክዳን ያገኛሉ። በስተቀኝ ባትሪው ስለሚገኝ የመቀመጫው ሽቦ ከባትሪው ጫፍ ጋር እንዳይገናኝ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ይፍቱ። ክዳኑ ሲነሣ ከፊት የሚመጣውን ረጅም ብረት ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ይታያል። አንድ ሰው ዘንጉን ሲያንቀሳቅስ እርስዎ ማያያዣውን በጣትዎ ይንኩት። ከፊት የመጣው ብረት እየተንቀሳቀሰ ከኋላ ያለው የሚዘገይ ከሆነ በመሐል ያለው ቡሽ አልቋል፤ ብዙ ጊዜ በቱነሉ ወለል ላይ ቡሹ ተፈርፍሮ ፍርፋሪው ብቻ ተጠራቅሞ ይገኛል። ማያያዣውን የሚይዘው ባለ አራት ማዕዘን ራስ ብሎን ከላላም ውጤቱ ያው ነው፤ ይህ ብሎን ከተጠበቀ በኋላ እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ መታሰር አለበት፤ ሽቦውን ሳያስሩ መክደን ሥራውን እንደገና መጥራት ነው።

ከዚያ ወደ ፊት ይመለሱ። የማርሽ ዘንጉ የተተከለበት ማቀፊያ በሁለት ብሎን የታሰረ ነው፤ ብሎኖቹን ከመፍታትዎ በፊት በወለሉ ላይ ቦታውን በጭረት ምልክት ያድርጉበት። ከሥሩ ያለው ማገጃ ሳህን የተነሣው ጠርዙ በስተቀኝ መሆን ይኖርበታል፤ በተቃራኒው ከተገጠመ የኋላ ማርሽ አይገባም ወይም ሁለተኛ ሲፈለግ የኋላ ማርሽ ይገኛል። ብሎኖቹን ካላሉ በኋላ ማቀፊያውን ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ሁሉም ማርሽ የሚገባበትን ቦታ መፈለግ ይቻላል።

እንደ ፔጆ 404 ማርሹ መሪው ሥር በሆነባቸው መኪኖች ደግሞ ከመሪው ግርጌ እስከ ካምቢዮው ያሉትን ዘንጎችና መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በእጅ ይወዝውዙ። ያረጀው መጋጠሚያ ወዲያው ይታወቃል።

ቡሹ ከገበያ ሲጠፋ ምን ይደረጋል?

አሮጌውን ቡሽ፣ የተሰበረም ቢሆን፣ አይጣሉት፤ ለቶርኖ ቤት ናሙና ይሆናል። ቀለል ያሉ የማያያዣ ቡሾች ከነሐስ ወይም ከጠንካራ ናይለን በልኩ ሊሠሩ ይችላሉ። ለባለሙያው የቡሹን ልክ ብቻ ሳይሆን ውስጡ የሚገባውን ብረት ራሱን ይውሰዱለት፤ ብረቱም ተበልቶ ከሆነ በአሮጌው ልክ የተሠራ አዲስ ቡሽ ከመጀመሪያው ቀን ይወዛወዛል። ሌላው አማራጭ ናሙናውን አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ልኮ ማፈላለግ ነው። በጨርቅ ወይም በተቆረጠ ከመነዳሪ ተጠቅልሎ የተሞላ ማያያዣ ግን መንገድ ላይ ጥሎ የሚያስቀር ስለሆነ ለጊዜውም ቢሆን አይመከርም።

አንድ ማርሽ ብቻ ሲገባ ይጮሃል። ካምቢዮው ይፈታ?

ወዲያውኑ አይፈታ። መጀመሪያ ያ ማርሽ ከፋብሪካው ጀምሮ ሲንክሮናይዘር ነበረው ወይ ብለው ይጠይቁ። ፊያት 600 በአንደኛ ማርሹ ላይ የለውም። ከ1961 ሞዴል በፊት የተሠሩ ቮልስዋገኖችም አንደኛ ማርሻቸው እንዲሁ ነው። ላንድሮቨር ሲሪስ 2 እና 2ኤ ያላቸው በሦስተኛና በአራተኛ ላይ ብቻ ሲሆን፣ በ1971 የመጣው ሲሪስ 3 ግን በሁሉም የፊት ማርሾች ላይ አለው። በእነዚህ መኪኖች፣ መኪናው እየሄደ አንደኛ ማርሽ ለማስገባት ሲሞከር የሚሰማው ጩኸት የአነዳድ ጉዳይ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ለእነዚህ ማርሾች ፍሪሲዮንን ሁለት ጊዜ መርገጥ ያስፈልጋል። ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ሲወርዱ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ወደ ፎሌ ያውጡ፤ ፍሪሲዮኑን ለቅቀው ነዳጅ መስጫውን ጥቂት ጫን በማድረግ የሞተሩን ፍጥነት ከፍ ያድርጉ፤ እንደገና ረግጠው ማርሹን ያስገቡ። በከተማው ውስጥ ባጃጅ ተከትሎ በዝግታ ሲነዳ ይህ አድካሚ መስሎ ቢታይም እጅና እግር ሲለምዱት ጥርሱን ለዓመታት ያቆየዋል።

ሲንክሮናይዘር ያለው ማርሽ፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው፣ ሲወርዱ ብቻ ከጮኸና ፍሪሲዮንን ሁለት ጊዜ ሲረግጡ ጸጥ ብሎ ከገባ፣ የሲንክሮናይዘሩ ቀለበት ማለቁ የተረጋገጠ ያህል ነው። ቢሆንም ይህ ለነገ የሚባል ካምቢዮ አይደለም ብሎ መደናገጥ አያሻም፤ በጥንቃቄ ከተነዳ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ካምቢዮው በሌላ ምክንያት ሲወርድ አብሮ ይቀየራል። ከዚያ በፊት ግን የካምቢዮውን ዘይት ይፈትሹ።

ዘይቱ ማርሽ መግባትን ይነካል እንዴ?

በእጅጉ ይነካል፤ ብዙዎች የማይገምቱትም ይህንን ነው። ሲንክሮናይዘር የሚሠራው የነሐስ ቀለበቱ ማርሹን በፍትጊያ ይዞ ፍጥነቱን ሲያስተካክል ነው። ዘይቱ ከሚገባው በላይ የሚያሟልጭ ከሆነ ቀለበቱ ይንሸራተታል፤ ማርሹም ይጮሃል። ለአብዛኞቹ የዱሮ ካምቢዮዎች የሚመከረው ጂኤል-4 ደረጃ ያለው ዘይት ነው፤ ለቮልስዋገን ለምሳሌ ኤስኤኢ 90 ነው፤ ሲቀየርም ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይወስዳል። ጂኤል-5 የሚል የተጻፈበት ዘይት ቁጥሩ ከፍ ስላለ ይሻላል ብለው የሚገዙ አሉ፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ብዙ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም የተሠራው ለከባድ ዲፈረንሻል ነው፤ አንዳንዱ ቅመምም ሲሞቅ ነሐሱን ይበላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ራስዎ ያንብቡ።

ዘይቱን ሲያወርዱ በንጹሕ ዕቃ ተቀብለው ይመርምሩት። ጥቁር ሆኖ ከብረት ፍቅፋቂ ንጹሕ ከሆነ እርጅና ብቻ ነው። በፀሐይ ላይ ሲታይ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከሲንክሮናይዘሩ ቀለበት የመጣ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ግን መኪናው ከዚያ በኋላ መነዳት የለበትም። ዘይቱ ወተት እንደ ጨመሩበት ሻይ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። በፎገራ ሜዳ ክረምት ላይ መንገድ የሸፈነ ውኃ አቋርጠው የመጡ ከሆነ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልጉ፤ የሞቀ ካምቢዮ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውኃውን በመተንፈሻ ቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። እንዲህ ያለው ዘይት ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት፤ ጥቂት ነድተውም እንደገና ቢቀይሩት ይመረጣል። የላንድሮቨር ባለቤቶች በቮላኖው መያዣ ሥር ያለውን የውኃ መከላከያ ውታፍ የሚገጥሙት ጥልቅ ውኃ ለመሻገር ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ ከተሻገሩ በኋላ ካልተነሣ የሚያፈስስ ዘይት ተጠራቅሞ የፍሪሲዮኑን ሸራ ያበላሻል።

ማርሹ እየሄድኩ ሳለ ራሱን ያወጣል። ለምን?

ነዳጅ ሲሰጡ ወይም ሲለቁ ማርሹ ወደ ፎሌ የሚመለስ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሞተሩንና የካምቢዮውን መቀመጫ ጎማዎች ይመልከቱ። ጎማዎቹ በዘይት ርሰው ወይም ተሰንጥቀው ከሆነ ሞተሩ በጉልበት ጊዜ ከቦታው ይነሣል፤ የማርሽ ብረቱም አብሮ ይሳብና ማርሹን ያወጣዋል። ይህንን ለማየት አንድ ሰው ቆሞ ሞተሩን ይመልከት፣ እርስዎ ነዳጅ በድንገት ሰጥተው ይልቀቁ፤ ሞተሩ በግልጽ ከዘለለ ጎማዎቹ አልቀዋል። ቀጥሎ ከላይ የተገለጸው የማርሽ ማያያዣ ይታይ፤ ማርሹ እስከ ጥግ ካልገባ በጥርሱ ጫፍ ብቻ ተይዞ ይሄዳልና ማምለጡ አይቀርም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በውስጥ ያለው ሹካ፣ ማርሹን በቦታው የሚያቆየው ስፕሪንግና ኳስ ወይም የማርሹ ጥርስ ራሱ ተበልቷል፤ ይህ ካምቢዮ ሳይፈታ አይስተካከልም። ማርሹን በእጅ ደግፎ እየያዙ መንዳት ሹካውን ጨርሶ ስለሚበላው መፍትሔ አይሆንም።

ፍሪሲዮኑ መንሸራተቱን እንዴት አውቃለሁ?

ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በሚወጣው ዳገት ላይ ከፍ ባለ ማርሽ ነዳጅ ሲጨምሩ የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ የመኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ቆመው ለመፈተሽ ደግሞ የእጅ ፍሬን ይዘው በሦስተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ሙከራውን አይደጋግሙት፤ ሸራውን ያቃጥላል። ሸራ ከማስቀየርዎ በፊት የፔዳሉን ባዶ ጉዞ ይለኩ፤ ባዶ ጉዞ የሌለው ፔዳል ጤነኛውንም ሸራ ያንሸራትታል።

ድምፁስ ምን ይነግረኛል?

ፍሪሲዮን ሲረግጡ የሚጀምር ጩኸት የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በፎሌ ቆመው የሚሰማና ፍሪሲዮን ሲረግጡ የሚጠፋ ጉርምርምታ ደግሞ ከሞተሩ ኃይል የሚቀበለው የካምቢዮው ዘንግ ኩሽኔታ ነው።

ጢስ ዓባይ ሄጄ ስመለስ ኬብሉ ቢበጠስ ምን ላድርግ?

መንገዱ ጭር ያለና መኪናው ቀላል ከሆነ ያለ ፍሪሲዮን መመለስ ይቻላል። ሞተሩን አጥፍተው አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ፊት ለፊትዎ ነጻ መሆኑን አይተው በማርሹ ያስነሱት፤ መኪናው እየተጎተተ ይነሣል። ወደ ሁለተኛ ለመቀየር ነዳጅ ለቅቀው ወደ ፎሌ ያውጡ፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪወርድ ጠብቀው ሳይገፉ ቀስ ብለው ያስገቡ። ከመቆምዎ በፊት ወደ ፎሌ ማውጣትን አይርሱ። ሰው፣ ከብትና ባጃጅ በበዛበት የከተማ መግቢያ ላይ ግን ይህንን አይሞክሩ፤ አቁመው ያስጎትቱ።

መካኒኩ ካምቢዮው ይውረድ ካለ ምን ልጠይቀው?

በየትኛው ማርሽ፣ በየትኛው ሁኔታ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ወይስ ተነሥቶ እንደሚያስቸግር ያገኙትን በዝርዝር ይንገሩት፤ እርሱም ጥፋቱን የት እንደሚጠረጥርና ኬብሉን ወይም ፓምፑን፣ ማያያዣውንና ዘይቱን ማየቱን ይጠይቁት። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ ባለቤቱ ያደረገው ፍተሻ ለእርሱም ድካም ይቀንስለታል።

መውረዱ ግድ ከሆነ ሥራው አንድ ጊዜ ተጠናቅቆ ይሠራ። ሸራው፣ ፕሬዠር ፕሌቱና የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ በአንድነት ይቀየሩ፤ የካምቢዮው ዘንግ ከቮላኖው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ትንሽ ኩሽኔታም ይታይ፤ ከሞተሩም ከካምቢዮውም በኩል ያሉት የዘይት መከላከያ ጎማዎች አብረው ይለወጡ፤ ዋጋቸው አነስተኛ ሆኖ ሳለ አንዷ ስታፈስስ አዲሱን ሸራ በዘይት ታበላሻለች። ቮላኖው ተሰንጥቆ ወይም በሙቀት ጠቁሮ ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ይላክ። ሸራው የሚንሸራተትበት ባለ ጥርስ ዘንግ ከዝገት ይጽዳና በጣም ስስ የሆነ ግሪስ ብቻ ይቀባ፤ የበዛው ግሪስ ተረጭቶ ሸራው ላይ ያርፋል። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ ተቀብለው ወደ ቤት ይውሰዱት፤ የሸራው ቁጥርና የጥርሱ ብዛት በቀጣይ መለዋወጫ ሲፈለግ የሚገኘው ከእርሱ ነው።